የእናት ድርሻ ቀድሞ ይነሳ፦ ከእርግዝና እስከ ጡት ማጥባት ምን፣ መቼ፣ እንዴት እንብላ

የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ ስድስተኛ ወሬ ላይ ለክትትል ሄድኩ። ጣቴን ተወጋሁ፣ ደሜ ታየ፣ ሄሞግሎቢኔ (በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ነገር) 9.4 ወጣ። ነፍሰ ጡር ከ11 በታች ከሆነች ደም ማነስ አለባት ማለት ነው። አዋላጇ ነርስ ወረቀቱን አይታ «ክኒኑን አቋርጠሻል?» አለችኝ። የአይረን፣ ማለትም የብረት ክኒኑን ማለቷ ነው፤ አንድም ቀን አላቋረጥኩም። ገርሟት «እስቲ እንዴት እንደምትወስጂው ንገሪኝ» አለች።

ነገርኳት። ከሰዓት ቡና ሲፈላ ክኒኑን ከረከቦቱ ጎን አስቀምጠዋለሁ። አቦሉ ሲቀዳልኝ በዚያው ስኒ እውጠዋለሁ። እንዳልረሳው ብዬ ነው። «እህቴ፣ ቡናው እኮ አይረኑን ይዞብሽ እየሄደ ነው» አለችኝ።

ምግቤን አልቀየርኩም፤ ሰዓቱን ብቻ ቀየርኩ። ክኒኑን ማታ ከመተኛቴ በፊት በብርቱካን ጭማቂ መውሰድ ጀመርኩ። በሁለት ወር ውስጥ ደሜ ከ11 አለፈ። ከዚያ ወዲህ ስለ ነፍሰ ጡርና ስለ አጥቢ እናት ምግብ ሳስብ ሁለት ነገር ይመጣብኛል፦ መቼ ትበላለች? በቤቱስ ውስጥ ስንተኛ ሆና ትበላለች? ለእንግዳው፣ ለአባወራው፣ ለልጆቹ ከቀረበ በኋላ የቀረውን የምትበላው እሷ ከሆነች፣ የምግብ ዝርዝር ብቻ ቢሰጣት ምንም አይረዳትም። ይህን መመሪያ ከባልሽ፣ ከእናትሽ ወይም ከአማትሽ ጋር አንብቢው የምለው ለዚህ ነው።

ደረጃ 1፦ ከማርገዝሽ በፊት ጀምሪ

የሕፃኑ አንጎልና አከርካሪ የሚሠራበት ቱቦ የሚዘጋው ከፅንሱ በኋላ በ28 ቀን ውስጥ ነው። በዚያ ጊዜ ብዙዎቻችን የወር አበባችን ዘገየ ብለን እንኳ አልጠረጠርንም። ስለዚህ ለማርገዝ ካሰብሽ ፎሊክ አሲድ 400 ማይክሮግራም በየቀኑ መውሰድ ጀምሪ። ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ብትይ ጥሩ ነው፤ ሦስት ወር ብትቀድሚ ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው። ከዚህ በፊት የአከርካሪ ክፍተት ወይም ሌላ የዚህ ቱቦ አለመዘጋት ችግር ያለበት ልጅ ወልደሽ ከነበረ ሐኪምሽን ሳታማክሪ አታርግዢ፤ መጠኑ ከዚህ አሥር እጥፍ ገደማ ሊያስፈልግሽ ይችላል፤ የሚታዘዘውም በሐኪም ብቻ ነው።

ፎሌት (ፎሊክ አሲድ በምግብ ውስጥ ሲገኝ የሚጠራበት ስም) ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላና ጎመን ውስጥ አለ። ግን ጎመኑን ቀቅለን ውሃውን ስንደፋው ብዙውን አብረን እንደፋዋለን። በትንሽ ውሃ፣ ለአጭር ጊዜ፣ ከድኖ ማብሰል ይሻላል። ያም ሆኖ በምግብ ብቻ አትተማመኚ፤ ክኒኑን ያዢ።

ደረጃ 2፦ ቶሎ ሄደሽ ተለኪ

የመጀመሪያው ክትትል ከ12ኛው ሳምንት በፊት ቢሆን ይመረጣል። በአጠቃላይ ቢያንስ 8 ጊዜ መታየት ይመከራል። ክብደትሽ፣ ደምሽ፣ የደም ግፊትሽ፣ ሽንትሽ ይታያል። የክንድሽን ዙሪያም አስለኪ፤ ከ23 ሴንቲሜትር በታች ከሆነ ሰውነትሽ ተጎድቷል ማለት ነው፣ የአልሚ ምግብ እርዳታ ሊኖር ስለሚችል ጠይቂ።

ክብደትን በተመለከተ ስታረግዢ መካከለኛ ከነበርሽ እስክትወልጂ ከ11.5 እስከ 16 ኪሎ መጨመር ጤናማ ነው። ቀጭን የነበረች ትንሽ በዝቶ፣ ወፍራም የነበረች ደግሞ አንሶ ሊሆን ይገባዋል። ስኳር ወይም ደም ግፊት ካለብሽ ከዚህ መመሪያ ይልቅ የሐኪምሽን ትእዛዝ ተከተይ።

ደረጃ 3፦ አይረኑን በትክክል ውሰጂ

በ2016 እ.ኤ.አ. በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በእርግዝናቸው ወቅት አይረኑን ለ90 ቀንና ከዚያ በላይ የወሰዱት እናቶች ከመቶ 5 ገደማ ብቻ ነበሩ። ክኒኑ በጤና ጣቢያና በጤና ኬላ እየተሰጠ እንዲህ መሆኑ ያሳዝነኛል። ምክንያቱን ግን አውቀዋለሁ፤ እኔም በልቤ ብዙ ጊዜ ላቆመው አስቤያለሁ። ያቅለሸልሻል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ሰገራን ያጠቁራል። መጥቆሩ ምንም ማለት አይደለም፣ አይረኑ ነው። ለቀሪው መላ አለ።

ክኒኑን ማታ፣ እራት ከበላሽ ሁለት ሰዓት ያህል ቆይተሽ፣ ልትተኚ ስትይ ዋጪው። ማቅለሽለሹ እንቅልፍ ላይ ያልፍሻል። በውሃ ወይም ቫይታሚን ሲ ባለው ነገር ይሁን፦ ብርቱካን፣ ሎሚ የተጨመቀበት ውሃ፣ ዘይቶን። ሻይና ቡና ከክኒኑ በፊት አንድ ሰዓት፣ ከክኒኑ በኋላ ሁለት ሰዓት ይራቁ። ወተትም እንደዚያው። ካልሲየም ከታዘዘልሽ ደግሞ አንዱን ጠዋት፣ አንዱን ማታ አድርጊ፤ አብረው ሲገቡ ይሻማሉ። የሆድ ድርቀት ካስቸገረሽ ውሃ ጨምሪ፣ ፓፓያ ብዪ፣ ተልባ በጥብጠሽ ጠጪ፣ በእግርሽ ተንቀሳቀሺ። ካልሆነልሽ ባለሙያዋን አማክሪ እንጂ ዝም ብለሽ አታቁሚ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። አፈር፣ አመድ፣ የግድግዳ ጭቃ ወይም ጠመኔ ካማረሽ አትፈሪ፣ አትደብቂውም። ብዙ ሴቶች አፍረው ተደብቀው ይበሉታል። ይህ አምሮት ብዙ ጊዜ ደም ማነስን ተከትሎ ይመጣል። አፈሩ የአንጀት ትል ይዞ ሊመጣ ይችላል፣ ያለውንም አይረን ያባክናል። ለነርሷ ንገሪያት። የትል መድኃኒት ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በኋላ ባለሙያ ካዘዘልሽ ይሰጥሻል። ኮሶ ግን በምንም ዓይነት አትጠጪ።

ደረጃ 4፦ አንድ ምግብ ጨምሪ፣ ሰሃኑንም አሻሽዪ

«ለሁለት ሰው ብዪ» የሚሉሽን አትስሚ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ከተለመደው ብዙም መጨመር አያስፈልግም። ከዚያ በኋላ ግን በቀን አንድ ተጨማሪ ምግብ ያስፈልግሻል፤ በካሎሪ ሲቆጠር ከ340 እስከ 450 ገደማ። አንድ ሰሃን ቅንጬ በወተትና አንድ እንቁላል ይሆናል ብለሽ አስቢው።

የእኛ ማዕድ መሠረቱ ጥሩ ነው። ጤፍ ብረት አለው። ሊጡ በደንብ ሲቦካ ብረቱን ይዞ የሚያስቀረው ነገር ስለሚቀንስ ሰውነት የተሻለ ያገኛል። ጥራጥሬም ስትሠሪ ዘፍዝፈሽ አሳድሪው። ባቄላው ወይም አተሩ በቅሎ ጉንቁል ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ይጠቅማል፤ አያቶቻችን በጥበባቸው ነው የደረሱበት። የጎደለን አብዛኛውን ጊዜ ከእንጀራው ጎን ያለው ነው። ሽሮ ብቻ ይቀርባል፣ ነገም ሽሮ፣ ከነገ ወዲያም ሽሮ።

እኔ ሁለተኛ ልጄን ሳረግዝ የተለማመድኩት ይህ ነው። ሰሃኑን ስመለከት አራት ነገር አለ ወይ ብዬ እጠይቃለሁ፦ እህል፣ ጥራጥሬ ወይም የእንስሳ ተዋጽኦ፣ አረንጓዴ ቅጠል ወይም ቢጫና ብርቱካናማ አትክልት፣ በመጨረሻም የሚኮመጥጥ ነገር። የሚኮመጥጠው ቀላል ይመስላል እንጂ ትልቅ ሥራ ይሠራል። ምስር ወጥ ላይ ግማሽ ሎሚ ስትጨምቂበት፣ ወይም ቲማቲምና ቃሪያ ከትከት አድርገሽ ጎኑ ስታስቀምጪ፣ የምስሩ ብረት ወደ ደምሽ እንዲገባ በር ትከፍቺለታለሽ።

አንድ ቀን ይህን ሊመስል ይችላል። ጠዋት ገንፎ ወይም ቅንጬ፣ ከቤቱ ካለ አንድ የተቀቀለ እንቁላል። ረፋድ ላይ ከስንዴና ከሽምብራ የተቀላቀለ ንፍሮ፣ አንድ ብርቱካን። ምሳ እንጀራ በምስር ወጥ፣ ጎመን፣ ሎሚ። መክሰስ በፈላ ወተት የተረጋ እርጎ ወይም ሙዝ። እራት ሽሮ ከካሮት ወይም ከዱባ ጋር። ሥጋ ወይም አሣ በሳምንት ሁለት ጊዜ ብታገኚ ደስ ይለኛል። ካልሆነ እንቁላሉን አጥብቀሽ ያዢ፤ ከሥጋ ጋር ሲነጻጸር ርካሽ ነው፣ ማንኛዋም ቤት ይገኛል። በደቡብ ያላችሁ ሽፈራውን፣ ቆጮ የምትበሉ ደግሞ ጎመኑንና አይቡን ከጎኑ አታጥፉ፤ ቆጮ ጉልበት ይሰጣል እንጂ ፕሮቲን እምብዛም የለውም።

ጨውሽ አዮዲን ያለበት ይሁን። በከረጢቱ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ክዳን ባለው ዕቃ፣ ከፀሐይና ከምድጃው ሙቀት ራቅ አድርገሽ አስቀምጪው፤ ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሪው። አዮዲን በሙቀት ይጠፋል። የሕፃኑ አንጎል ግን አጥብቆ ይፈልገዋል።

በአውሮፓ ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። ክረምቱ ረጅም ነው፣ የኛ ቆዳ ደግሞ ከዚያች ትንሽ ፀሐይ ቫይታሚን ዲ ለማግኘት ይቸገራል። በክትትላችሁ ላይ ስለ ቫይታሚን ዲ ጠይቁ፤ በእንግሊዝ ለነፍሰ ጡር በቀን 10 ማይክሮግራም ይመከራል።

የማቅለሽለሹ ጊዜ ይህ ሁሉ ህልም ይመስላል፣ አውቃለሁ። በዚያ ወቅት የሚስማማሽን ብዪ። ከአልጋ ሳትነሺ ደረቅ ዳቦ ወይም ቆሎ ቆርጠም አድርጊ፣ በየሁለት ሰዓቱ ትንሽ ትንሽ ቅመሺ፣ ዝንጅብል ሞክሪ፣ ከሚሸትሽ ድስት ራቂ። ውሃ እንኳ አልረጋ ካለሽ ግን ወደ ጤና ተቋም ሂጂ፤ ያ የተለመደው ማቅለሽለሽ አይደለም። በመጨረሻዎቹ ወራት ቃር ሲያስቸግርሽ በርበሬውን ቀንሺ፣ በልተሽ ወዲያው አትተኚ።

ደረጃ 5፦ ለጊዜው የሚቀሩ ነገሮች

ጥሬ ሥጋ፣ ለብለብ ክትፎ፣ ዱለት። ይህን ስል ልቤ ያዝናል፣ እኔም ክትፎ ወዳጅ ነኝ። በጥሬ ሥጋ ውስጥ የሚገኙ ተውሳኮች ሕፃኑን ሊጎዱ ይችላሉ። ክትፎው በደንብ ይብሰል፤ ጎመኑና አይቡ ያው ናቸው። ጉበት ብረት ቢኖረውም ቫይታሚን ኤው ከልክ በላይ ስለሆነ በእርግዝና ተዪው። ያልፈላ ወተትና በእሱ የተሠራ እርጎና አይብ ብሩሴሎሲስ የሚባል በሽታ ሊያመጣ ይችላል። ከገጠር ዘመድ የመጣ ቢሆንም ወተቱ ቀድሞ ይፈላ።

ጠላ፣ ጠጅ፣ አረቄ፣ ቢራ፦ አንድም አይቀመስ። ጫትም እንዲሁ። ቡና ሙሉ በሙሉ አትቁረጪ፣ ግን ከአቦሉ ይልቅ ቀለል ያለውን ቶና አንድ ስኒ ያዢ፣ በረካው ይለፍሽ፣ ከምግብሽም አንድ ሰዓት ይራቅ። ቡናው ላይ ጤና አዳም አትጨምሪ። ብዙዎቻችን የምናስበው እንደ ማጣፈጫ ነው፤ ማኅፀንን የሚያኮማትር ቅጠል ነው፣ ለነፍሰ ጡር አይሆንም። ማንኛውንም የባሕል መድኃኒት ሳታማክሪ አትጠጪ።

ደረጃ 6፦ ስለ ጾምና ስለ «አትብዪ» ከቤተሰብ ጋር ተነጋገሪ

አማቴ እንቁላልና ወተት ስበላ አይታ «ልጄ፣ ነጭ ነገር አታብዢ፣ ሕፃኑ ላይ ይለጠፋል» አለችኝ። ክፉ ሐሳብ የላትም፤ የምትወደኝ ሴት ናት። ልጅ ሲወለድ በገላው ላይ ነጭ ቅባት ታያለች፣ ወተቱ መስሏታል። ያ ቅባት የሕፃኑ ቆዳ በማኅፀን ውስጥ እንዳይጎዳ የሚጠብቀው ነው፣ ከበላሽው ጋር አይገናኝም። እኔ ተከራክሬ አላሸነፍኳትም። በሚቀጥለው ክትትል ይዣት ሄድኩና «እማማ፣ አንቺው ጠይቂያት» አልኳት። ነርሷ በአክብሮት አስረዳቻት። ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ እንቁላል የምትቀቅልልኝ እሷ ሆነች።

«ብዙ ከበላሽ ልጁ ይገዝፋል፣ ምጡ ይከብድሻል» የሚለውም እንደዚሁ ነው። እናት ስትጎዳ ልጁ ትንሽ ሆኖ ይወለዳል፣ እሷም ለምጥ ጉልበት ታጣለች።

ጾምን በተመለከተ የንስሐ አባትሽን ቀርበሽ አነጋግሪ። በቤተ ክርስቲያናችን ለነፍሰ ጡርና ለአራስ ይቅርታ አለ። ብዙ ሴቶች ግን ሳይጠይቁ ይጾማሉ፤ ሁዳዴ ብቻውን 55 ቀን ነው። በእስልምናም ጾሙ ይጎዳኛል ወይም ልጄን ይጎዳል ብላ ለምትሰጋ ነፍሰ ጡርና አጥቢ ፈቃድ አላት። ብትጾሚም እህልና ጥራጥሬን አቀላቅዪ፣ ሰሊጥ፣ ሱፍ፣ ለውዝ፣ ተልባ ጨምሪ፤ ሆድሽን ግን እስከ ከሰዓት ባዶ አታቆዪው። ቫይታሚን ቢ12 ከእንስሳ ተዋጽኦ እንጂ ከአትክልት ስለማይገኝ በክኒን ማግኘት እንዳለብሽ ሐኪሙን ጠይቂ።

እነዚህ ምልክቶች ከታዩ ምግብ አይፈውሳቸውም፣ ቀጠሮም አይጠበቅላቸው፦ ደም መፍሰስ፣ ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን መደብዘዝ፣ የፊትና የእጅ ድንገተኛ እብጠት፣ ትኩሳት፣ የሕፃኑ እንቅስቃሴ መቀነስ። ሌሊትም ቢሆን ሂጂ።

ደረጃ 7፦ አራስ ቤት

ከእኛ ባሕል የምወደው ይህን ነው። ሴቶች ተሰብስበው እልል ይላሉ፣ ገንፎው በቅቤና በበርበሬ ይቀርባል፣ አጥሚቱ ይፈላል፣ ዶሮው ይታረዳል። አራስ የደማችውንና የደከመችውን የምትተካበት ነው። ችግሩ ጠያቂው ሲቀንስ ምግቡም አብሮ መቀነሱ ነው። ጡት ማጥባቱ ግን ገና መጀመሩ ነው። ገንፎና ቅቤ ብቻም አይበቃም፤ ጎመኑ፣ ብርቱካኑ፣ እንቁላሉ አብሮ ይግባ። «አራስ ፍራፍሬ ይበርዳታል» ሲሉ አትቀበዪ።

ሕፃኑ በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት ይያዝ። ቢጫው እንገር የመጀመሪያ ክትባቱ ነው፤ አልበሽ አትድፊው። ቅቤ ማስላስ፣ ስኳር ውሃ፣ አብሽ ለሕፃኑ አይሰጥ። ማር ደግሞ እስከ አንድ ዓመቱ አይቅመስ። እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ፣ ውሃም ቢሆን አያስፈልገውም፤ ከዚያ ከተጨማሪ ምግብ ጋር እስከ 2 ዓመትና ከዚያ በላይ።

አይረኑን ከወሊድ በኋላም ከ6 እስከ 12 ሳምንት ቀጥዪ። እዚህ ላይ ነው ብዙዎቻችን የምንረሳው።

ደረጃ 8፦ ስታጠቢ ሁለት ምግብ ጨምሪ

ከእርግዝናው ይልቅ የሚበዛው እዚህ ነው። አጥቢ እናት በቀን ወደ 750 ሚሊ ሊትር ወተት ትሠራለች። ይህ በቀን 500 ካሎሪ ገደማ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ሁለት ተጨማሪ ምግብ። «ምግብ ካልበላሁ ወተቴ ቀጥኗል» ብለሽ ጡት አታቋርጪ። ወተቱ ቀድሞ የሚሠራው ከአንቺ ሰውነት ነው፤ የምትጎጂው አንቺ ነሽ። ሆኖም አዮዲን፣ ቫይታሚን ኤ እና ቢ12 አንቺ ጋ ካነሱ ወተቱ ውስጥም ያንሳሉ፤ ልጅሽም ያጣቸዋል። ዱባ፣ ካሮት፣ ብርቱካናማ ስኳር ድንች፣ እንቁላል፣ ወተት እዚህ ይረዱሻል።

ወተቱ እንዲጨምር ዋናው መንገድ ሕፃኑ አዘውትሮ በትክክል ሲጠባ ነው። ብዙ ሴቶች ቢራ ወይም ጠላ ይመከራሉ። አይረዳም፤ እንዲያውም ወተቱ እንዳይወርድ ያደርጋል። ጡት ልታስይዢ ስትቀመጪ አንድ ብርጭቆ ውሃ ከአጠገብሽ ይኑር፣ ሲጠማሽ ጠጪ።

ለባል ይህን ብቻ ልንገርህ። ሌሊት ሕፃኑ ሲነሳ እሷ ልትበላ አትችልም፣ በጨለማ ወጥ ቤት አትገባም። ማታ ከመተኛትህ በፊት አንድ ፔርሙስ አጥሚትና አንድ ሳህን ቆሎ ከአልጋዋ ጎን አስቀምጥ። እራት ሲቀርብም ትሪው ለሁሉም ከመውጣቱ በፊት የእሷን ድርሻ አንሳ፣ እንቁላሉን ጨምርበት፣ ከድነው።